ለብቻዋ የተሰቀለች ኩባያ

ለእኔ የትኩስ ዱቄት ሽታ የሰኔ ሽታ ነው። ገና ከድንጋዩ ሥር ሞቅ እንዳለ የወረደ የጤፍ ዱቄት አፍንጫዬን ኮርኮር ሲያደርገኝ፣ ይሄ ሁሉ ዕድሜ እንደ ጋቢ ተጠቅልሎ ወደ ጥግ ይቀመጥና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ እገኛለሁ፤ ያውም የተናደደች ልጅ። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሮን በመኪናዋ ወፍጮ ቤት ወሰደችኝ። «የታሸገ ዱቄት ሱቅ ሞልቶ ለምን ትለፊያለሽ?» ትለኛለች ሁልጊዜ፤ እኔ ግን ጤፌ ሲፈጭ ቆሜ ካላየሁ የበላሁት የራሴ አይመስለኝም። ወረፋ ይዘን እንደተቀመጥን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

«እማማ፣ ሰው እኮ ሊያሳብደኝ ነው! አዲሱ ልጅ ጥሎኝ ሄደ። ገና ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላውም። ክፉ አልተናገርኩት፣ ሥራ አላበዛሁበት። ደውዬ ‹ምን አጠፋሁ?› ስለው ‹ኖ፣ ኖ፣ ምንም የለም› ብሎ ዘጋው።»

ሳሮን ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ዳር ትንሽ ኬክ ቤት አላት።

«ዋሱ ማነው?» አልኳት።

«የምን ዋስ? ሲቪ ነው ያመጣው።»

«እንግዲያውስ ሄደሽ ሲቪውን ‹ሰውህን አምጣ› በዪው።»

ሳቄ አልቆም ብሎኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። አኮረፈች። በእሷ አልነበረም የሳቅኩት፤ እንዴት ብዬ በወፍጮ ጩኸት መሃል ላስረዳት?

የአባቴ ወፍጮ ቤት ከሳሮን ኬክ ቤት ብዙም አይርቅም ነበር። ከለጋሲዮኑ አጥር ዝቅ ብሎ፣ አቀበቱ ሊጀምር ሲል፣ በስተቀኝ። ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ ከሥሩ ስልክ ይሸጣሉ። ያኔ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሲዘጋ የሚያለቅስ የሳንቃ በር ነበር። ውስጡ ግን ሰፈሩ የሚኮራበት ባለ ናፍጣ ሞተር ተቀምጧል። ጠዋት ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ ብሎ ሲነሳ የጎረቤት ዶሮዎች ይበተናሉ፣ የሳንቃው በር ይንቀጠቀጣል፣ ረጅሙ ቺንጊያ፣ የጎማው ቀበቶ፣ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው እየተወናጨፈ መዞር ይጀምራል፤ ሰፈሩም ሰዓት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይተዋል። አንድ ቁና ጤፍ በአሥር ሳንቲም ይፈጭ ነበር። ሴቶቹ ቁናና ስልቻቸውን በተርታ ደርድረው፣ ስልቻው ወረፋ ሲጠብቅላቸው እነሱ ከለጋሲዮኑ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከማዶዋ ሱቅ በአምስት ሳንቲም እፍኝ ከረሜላ ይገዛል። ሱቋ ውስጥ ትልቅ ሬዲዮ ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን ስትጀምር ሴቶቹ ወደ አባቴ ይጮሃሉ፦ «አቶ ተሰማ! እስቲ ሞተሩን አፈን አድርገው፣ ዘፈኗን እንስማ!» ጎረምሶቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ ሱሪያቸውን አጥብበው በዚያ ሲያልፉ ከዱቄታችን ይሸሹ ነበር፤ አንድ ጊዜ የነፋስ ሽውታ ከያዛቸው ጥቁር ኮታቸው አለቀለት። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው የባሕር ዛፍ ነፋስና የእኛ ዱቄት ሲገናኙ የነበረውን ሽታ የትም አላገኘሁትም። ሽቶ ቤት ውስጥ ሁሉ ፈልጌዋለሁ።

ችግራችን አንድ ነበር፤ ሠራተኛ አይበረክትልንም። አንዱ «አቧራው ለደረቴ አልተስማማኝም» ብሎ ሄደ። ሌላው ምንም ሳይል ሄደ፤ እሱ እንኳ ሳይናገርም ይገባናል። አባቴ ሥራ የሚያስተምረው ሠራተኛው አጠገብ በርጩማ አስቀምጦ ነው። «አሁን ጨምር። ቀስ! ቀስ አልኩህ እኮ! አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ እኔ በልጅነቴ…» ከዚያ በኋላ ልጅነቱ እስኪያልቅ አንድ ጆንያ እህል ይፈጫል። ሠራተኛ በሄደ ቁጥር ደግሞ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። «አስካለ!» ይላል አባቴ ከደጅ፤ ደብተሬን አስቀምጬ የስልቻ አፍ ልይዝ እሄዳለሁ። እሱ ሞተሩንና እህሉን፣ እኔ የሚወርደውን ዱቄት።

ያ ዓመት ግን እንደሌላው ዓመት አልነበረም። አስተማሪያችን የጻፍኩትን ድርሰት በክፍል ፊት አነበቡት! ስለ እንጦጦ ጭጋግ ነበር የጻፍኩት፤ ጠዋት ጠዋት ከተራራው ወርዶ የሰፈራችንን ጣሪያ እንዴት እንደሚቆጥር። «ይህቺ ልጅ ትጽፋለች» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት አልረገጥኩም። ያገኘሁት ነገር ላይ ሁሉ እጽፍ ጀመር። በከሰል የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ዛሬ ሰማዩ እንደ አሮጌ ጆንያ ተቀደደ» ብዬ ስጽፍ አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣ ወረፋ የያዙትን ሴቶች ጠርቶ «ነይ፣ አንብቢላቸው» አለኝ። አሁንም ብዕር ስይዝ ያቺው ልጅ ናት ከእጄ የምትነጥቀኝ፤ ማርጀቴን ረስታ ስትቸኩል ዝም እላታለሁ።

በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን «ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ትፈተኚያለሽ፣ ፈተናው የት ይሄዳል?» ይል ነበር። ፈተናው የትም አይሄድም፤ እኔ ነኝ የምሄደው። ከእኔ በፊት «ለከርሞ» የተባሉት የሰፈራችን ልጆች ከርሞ ሳይደርስ ሽማግሌ መጥቶባቸው፣ በሁለተኛው ክረምት ልጅ አዝለው ሊያስፈጩ ሲመጡ ስልቻቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እንደ ታቦት ነበር የምሳለመው፤ እሱ ከቆየ እኔ ተማሪ ነኝ።

ገመቹ የመጣው ግንቦት ውስጥ ነው። ካራ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው የአባቴ ወዳጅ፣ ጋሽ ከድር፣ ዋስ ሆኖ አመጣው። ያኔ ሰው ያለ ዋስ አይቀጠርም፤ ዋስ ደግሞ ወረቀት አይደለም፣ ፊት ነው። ልጁ ቢሰርቅ፣ ቢሰብር፣ ቢጠፋ፣ የምትሄደው ወደ ዋሱ ነው። ገመቹ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ዱቄት እንዳይገባበት ፊቱንና አንገቱን በአረንጓዴ ሻርፕ ይጠቀልላል፤ ከሻርፑ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ፣ እነሱም ሽፋሽፍታቸው ነጭ ነው። ማታ ማታ እዚያው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በተሠራች መደብ ላይ ያድራል። ከሁሉ የሚገርመው አባቴን መቻሉ ነበር። አባቴ «እኔ በልጅነቴ» ሲል «እሺ ጋሼ፣ ከዚያስ?» ይለዋል! ሰው አባቴን «ከዚያስ?» ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ሰማያዊ ጉርድ ቀሚሴን አጥቤ፣ ሸራ ጫማዬን በጠመኔ ነጭ አድርጌ፣ ወደ ትምህርት ቤቴ በረርኩ።

እናቴ ግን በመጣበት ቀን ምሽት ላይ አንድ ነገር ወሰነች።

«ልጁ እስላም ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አላት አባቴ።

«ዋሱ ከድር አይደለም? ሰው የሚዋሰው የራሱን ሰው ነዋ!»

«ስሙ ገመቹ ነው። ገመቹ ማለት ደስታ ማለት ነው አሉ።»

«ደስታ ደግሞ የማንም ነው።»

«እንግዲያው ጠይቂዋ።»

«አንተ ደግሞ! ለእንጀራ የመጣን ሰው ሃይማኖትህ ምንድን ነው ልበለው? ምነው፣ ያሳደገኝ የለም?»

በማግስቱ ገበያ ወጥታ ለገመቹ አዲስ ኩባያ፣ አዲስ ሳህንና አዲስ ድስት ገዛች። ኩባያዋ ነጭ የብረት ኩባያ ናት፤ ጠርዟ ሰማያዊ። የእኛ ኩባያዎች ጎናቸው ተላልጦ ሳለ እሷ እንደ ጨረቃ ታበራለች። እናቴ ከእኛ ዕቃ እንዳትቀላቀል ብላ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሚስማር መትታ ሰቀለችለት። «በእኛ ሥጋ ነካክቼ ልጁን ላርክሰው? ኋላ ኃጢአቱ ለእኔ ነው» ትላለች። እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ የተጠነቀቀችለት ሰው የለም፤ ለጳጳስ እንኳን እንደዚያ አትጠነቀቅም። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ቤታችን ሥጋ ወጥ ይሸታል፣ ዶሮ ይሸታል። ገመቹ ግን በአዲሱ ድስት የተሠራለትን ሽሮና እንቁላል ለብቻው፣ መደቡ ላይ ይበላል። አንድ ቀን እናቴ ሳህኑን ስታቀብለው አጠገቧ ነበርኩ።

«እንካ ልጄ፣ ብላ። አይዞህ፣ ያንተ ለብቻ ነው፤ ከእኛ ጋር አልተነካካም» አለችው፤ በኩራት።

ገመቹ በሁለት እጁ ተቀበለና «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለ። ድምፁ ከሻርፑ ሥር ስለሆነ ምን እንደሚመስል አላወቅኩም።

ሃምሳው ቀን አለቀ። የመጀመሪያው ረቡዕ መጣና እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋችንን ዘግተን ዋልን። እናቴ ግን ገመቹን አልረሳችውም። «እኛ ብንጾም እሱ ምን በወጣው?» ብላ ጠዋት ከጎረቤት ትኩስ ወተት አመጣች፤ በኩባያዋ ሞልታ ላከችለት። ማታ ኩባያዋን ስናያት ወተቱ እንዳለ አለ፤ ላዩ ላይ ስስ የዱቄት ሽፋን አርፎበታል። «ሆዱን አሞት ይሆናል» አለች። ሐሙስ ጠዋት ሞተሩ አልተነሳም። አባቴ ሮጦ ወጣ። የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ከኩባያዋ ጎን፣ በዚያችው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ኩባያዋ ታጥባ ተሰቅላለች። ሰውየው የለም።

«አስካለ!»

ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄ ይቸኩላል። ጓደኞቼ ደብተራቸውን ታቅፈው በደጃችን ሲያልፉ እኔ የስልቻ አፍ ይዤ፣ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ቆሜያለሁ። «አያቴ፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ። ሴቶቹም አባቴን አልማሩትም።

«ተሰማ፣ ይኼንንም በምላስህ ፈጨኸው?»

«ይሄ ሠራተኛ አይደለም የሚቀጥረው፣ ወፍ ነው! እህሉን ቀመስ አድርጎ እብስ!»

አባቴ በርጩማውን በእርግጫ መታው። «ምን አደረግኩት? ምን ጎደለበት? እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ጎደለበት?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ዱላውን አነሳና «ዋሱ ጋ እሄዳለሁ» አለ። «እኔም እመጣለሁ» አልኩ። ምን አስቦ እንደፈቀደልኝ አላውቅም፤ ምናልባት በመንገድ የሚሰማው ሰው ፈልጎ ይሆናል። በኮተቤ አድርገን፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ ካራ እስክንደርስ «ሰውህን አምጣ ነው የምለው! ሰላምታም አልሰጠው!» እያለ ሲፎክር ሄደ። ጋሽ ከድር ደጁ ላይ ሲያየን ግን ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። ገብተን ተቀመጥን፣ የአጃ ሾርባ ቀረበልን፤ ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ንዴቱን ያስታወሰው። ጋሽ ከድር ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ገመቹን የሚጠራ ሰው ላከ።

ቆይቶ አንድ ሰው ገባ። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ፊቱ ጥርት ያለ የቀይ ዳማ፣ ፂሙ ገና ያቀመቀመ። አባቴ ለእንግዳ እንደሚነሳ ሰው ብድግ አለ።

«ኧረ ይቀመጡ ጋሼ» አለ ሰውየው። ድምፁን አወቅነው። አባቴ ቆሞ ቀረ። ሁለታችንም የምናየው ፊቱን አልነበረም፤ አንገቱን ነው። ያለ ሻርፕ አይተነው አናውቅም ነበር። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ማተቡ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል።

«ለምን ሄድክ?» አለ ጋሽ ከድር። «ተናገር እንጂ፤ የተዋስኩህ እኔ ነኝ፣ ፊቴን አታጥቁረው።»

ገመቹ ጋቢውን አስተካከለ። «ቅሬታ የለኝም» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ግን መጣለት። «ኩባያዬን ለዩብኝ። ሳህኔን ለዩብኝ። ምን በሽታ አዩብኝ ብዬ ገላዬን ስመረምር ነው የሰነበትኩት። ሥጋው እየሸተተኝ ሽሮ ያቀርቡልኛል፤ እሺ፣ ቤታቸው ነው፣ ይሁን አልኩ። የግንቦት ማርያም ዕለት እንጦጦ ማርያም ወጥቼ እትዬን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። እጅ ነሳሁ፤ አላዩኝም፣ አለፉኝ። እሱንም ይሁን አልኩ። ረቡዕ ግን ወተት ላኩልኝ። በጾም! ከሰው ቢቆጥሩኝ ጾም ይለይልኝ ነበር።»

አባቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «እኛ እኮ… እስላም መስለኸን ነው!»

«በምን?»

አባቴ በጣቱ ጋሽ ከድርን አሳየ።

ጋሽ ከድር መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጉልበቱን በሁለት እጁ መታ። «እኔ ስለተዋስኩት ሰለመ? አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን በላይነሽን ስታጭ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ የተላክሁልህ እኔ አይደለሁም? ታዲያ አንተስ መቼ ሰለምክ?»

ሳቁ። ገመቹም ሳይወድ ሳቀ፤ አባቴ እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እንጦጦ ላይ እናቴ ለምን እንዳለፈችውም ያን ጊዜ ገባን፤ ያለ ዱቄት አታውቀውም። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይሄ ሁሉ ለዚህ ነው? አንድ ሰው አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ለማንኛውም አለቀ፣ ነገ ይመለሳል፣ እኔም እማራለሁ ብዬ ተነፈስኩ።

«ነገ ማልደህ ና እንግዲህ» አለው አባቴ።

ገመቹ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ ትናንት ኮተቤ ሌላ ወፍጮ ቤት ገብቻለሁ። ዋሴ አሁንም ጋሽ ከድር ናቸው።»

ዋስን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ማሳፈር አይቻልም፤ አባቴ አልጠየቀም፣ ጋሽ ከድርም አላቀረበ። እኔ ግን በትልልቅ ሰዎች መሃል ተነስቼ «የኔ ፈተናስ?» አልኩ። እንደዚያ ጮክ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ዱላውን ማየት ጀመረ። ገመቹ ዝቅ ብሎ «ሻርፔን መደቡ ላይ ረስቼዋለሁ። አቧራው እንዳይጎዳሽ እሱን ልበሺው» አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ጠላሁት።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። «ጌታዬ! በማርያም ቀን አልፌው ሄድኩ?» አለች ደጋግማ። ከዚያ ማለች፤ ካሁን በኋላ ሳትጠይቅ ለማንም ውሃ እንደማታቀብል። ማክሰኞ ዕለት ከእንጦጦ ዳገት የወረደ አንድ ጎልማሳ ለሥራ መጣ። እናቴ ከአባቴ ቀድማ በር ላይ ያዘችው።

«ስምህ ማነው? የክርስትና ስምህስ? ክርስቲያን ነህ እስላም? ረቡዕ ትጾማለህ? እስከ ስንት ሰዓት? የንስሐ አባትህ ማናቸው?»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «እናቴ፣ የመጣሁት ወፍጮ ልፈጭ ነው ወይስ ቅስና ልቀበል?»

ምሳ ሳይደርስ ሄደ።

ያን ጊዜ የያዝኩትን ስልቻ መሬት ላይ ለቀቅኩት። የሰው ዱቄት ፈሰሰ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፤ ግድግዳው ላይ ከጻፍኩት ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። እናቴ አየችኝ። ግድግዳውንም አየች፤ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ግን ምን እንደሚል ታውቃለች። ወደ መደቡ ሄዳ የገመቹን አረንጓዴ ሻርፕ አነሳች፣ አራገፈችው፣ እስከ ዓይኗ ድረስ ተጠቀለለችበት።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ አባቴ።

«ልፈጭ ነው። ያስኮበለልኩት እኔ ነኝ፣ የምተካውም እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ሴት በሞተር ስትፈጭ የት አይተሻል?»

«አንተስ ሠራተኛ ሲበረክትልህ የት አይተሃል? በል በርጩማህ ላይ ተቀመጥ፤ ዝም ብለህ ግን!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሥራው እንደሚከብዳት ያስታውቅ ነበር፤ ቺንጊያው ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ጤፉ አንዴ ይሻክራል አንዴ ይልማል። «በላይነሽ፣ ይሄ ዱቄት ነው ቅንጬ?» ይሏታል፤ «ብሉና ንገሩኝ!» ትላለች ከሻርፑ ሥር። ሲጠማት ከሚስማሩ ላይ ያችን ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ኩባያ አውርዳ ትጠጣለች። ሌላ ኩባያ ከቤት እንዳመጣላት ጠየቅኳት። «ተይው፣ በዚህችው ልጠጣ» አለችኝ።

የፈተናው ጠዋት ዝናብ ጥሎ አባራ። ትምህርት ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ስለነበር፣ የክፍሉ መስኮት ሲከፈት ድምፁ ከታች ይሰማል፤ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። እሱ እየመታ እስካለ ድረስ ማንም «አስካለ!» ብሎ እንደማይጠራኝ አወቅኩ። ጻፍኩ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። አለፍኩም።

ይህን ሁሉ ለሳሮን ነገርኳት፤ ወፍጮው ሲጮህ እየጮህኩ፣ ሲበርድ እየበረድኩ። ሳቀች፣ «ምስኪን ገመቹ» አለች፣ ከዚያ ወደ ራሷ ጉዳይ ተመለሰች።

«የኔው ግን ምክንያት የለውም እማማ። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ አብረን ነው የምንበላው።»

«ሻይ የምትጠጡት በምንድን ነው?»

«በኩባያ ነዋ። ሁላችንም ስማችን የተጻፈበት ኩባያ አለን፤ መደርደሪያው ላይ ደርድረነዋል፣ ደንበኞች ፎቶ ሁሉ ያነሱታል።»

«እሱስ?»

«እሱማ ገና አዲስ ስለሆነ… መቆየቱን እስክናይ ብለን… በሚጣለው የወረቀት…»

አልጨረሰችውም። ወፍጮ ፈጪው «ባለ ጤፏ!» ብሎ ጠራን፤ የእኛ ተራ ነበር። ሳሮን አልተነሳችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ይዛው ቀረች።

«አሁን ደውዬ ምን ልበለው?»

«ስሙ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቂው» አልኳትና የስልቻዬን አፍ ልይዝ ተነሳሁ።